ፊደልን ከልጆቹ የተማረው ትውልድና የመጀመሪያው ኮምፒዩተር



በዘንድሮው መጽሔታችን ልናነሣው የወደድነው ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰሙት ከእድር ሥራ ጋር የሚገናኝ አይመስልም። ለአረጋዊ አባትና እናት በአነስተኛ ዋጋ የመጀመሪያውን ኮምፒዩተር ገዝቶ ማዘጋጀት ከድንኳን፣ ከአግዳሚ ወንበርና ከንፍሮ ጋር ምን አገናኘው? የሚል አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም። ነገር ግን ጉዳዩን ጠለቅ ብለን ስንመረምረው ሁለቱ የተያያዙ ሆነው እናገኛቸዋለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቀድሞው ጊዜ ሰው ሲሞት ጡሩምባ ነፊው ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ በየሰፈሩ እየዞረ ይለፍፍ ነበር። ሀብታሙም ድሃውም፣ የተማረውም ያልተማረውም እኩል ይሰማል። ዛሬ ግን በብዙ እድሮች የቀብር ጥሪ የሚተላለፈው በስልክ መልእክትና በቴሌግራም ሆኗል። ወጣቱ ወዲያው ያየዋል። እድሩን ከመሠረቱት አንዱ የሆኑት አዛውንት ግን የያዟት ስልክ ከመደወልና ከመነጋገር በቀር ሌላ ነገር የማታውቅ በመሆኗ አይደርሳቸውም። ከቀብር የቀረ ደግሞ በደንቡ መሠረት ይቀጣል። እንግዲህ ፍረዱ! ዕድሜ ልካቸውን አንድም ቀብር ያላጓደሉ ሰው ጎረቤታቸው ተቀብሮ ሠልስት ከወጣ በኋላ ቢሰሙ፣ ቅጣቱ የሚገባው ለማን ነው?

ስለዚህ «ለእናቴ ኮምፒዩተር ልግዛላት ወይ?» የሚለው ጥያቄ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። ሰው በሠፈሩና በዘመኑ ውስጥ ቆጠራ ገብቶ የመኖሩ ጉዳይ ነው። መልሱንም ከሱቅ ከመጠየቃችን በፊት ታሪክ ብንጠይቅ ይሻላል ብለን አሰብን።

ባቡሩ ያለፈበት መንገድ

ዱከም ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የረር ተራራን እያየች፣ በጤፍ ማሳ መካከል የተቆረቆረች ከተማ ናት። መንገደኛው የሚያውቃት ይልቁንም በቁርጥ ሥጋዋ ነው፤ ነገር ግን ሌላም ታሪክ አላት። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ያለፈው በዚህችው በዱከም በኩል ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከባሕር ማዶ የመጣው አዲስ ዕቃ አብዛኛው በዚሁ መስመር ወደ መሐል አገር ገባ። ከዘጠና ዓመት በኋላ፣ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ፣ የቻይና ባለሀብቶች ኢስተርን የተባለውን የኢንዱስትሪ ዞን በዱከም ማቋቋም ጀመሩ፤ በ2004 ዓ.ም. ሁዋጂያን የተባለው ድርጅት እዚያው ጫማ ሠርቶ ወደ ውጭ መላክ ጀመረ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመርም በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። የመጀመሪያው ባቡር አዲስ አበባ ከገባ ልክ መቶ ዓመት መሆኑ ነው።

ይህን ያነሣነው ለጉራ አይደለም። «ሽማግሌ ሰው መኪና አይለምድም» የሚለው አነጋገር ለዚህ አገር ሰው የማይገባ መሆኑን ለማሳየት ነው። ወላጆቻችን ባቡሩን ለምደዋል፤ ወፍጮውን ለምደዋል፤ ሬዲዮኑን ለምደዋል። የእጅ ስልክ በ1991 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሥራ ሲጀምር ብዙ ሰው የባለሥልጣንና የነጋዴ ዕቃ ነው ብሎ ነበር፤ ዛሬ ግን ያለ እጅ ስልክ ገበያ የሚወጣ የለም። ሬዲዮኑም ስልኩም በቶሎ የተለመዱበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሁለቱም በአፍ ይናገራሉ፣ በጆሮ ይሰማሉ። ኮምፒዩተር ግን ከዚህ ይለያል። እሱ ማንበብና መጻፍ ይፈልጋል። ስለዚህ የወላጆቻችን የኮምፒዩተር ታሪክ የሚጀምረው ከኮምፒዩተሩ ሳይሆን ከፊደሉ ነው።

ልጆች ያስተማሩት ትውልድ

ታህሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲጀመር 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠሩ ዘምተው ነበር። ከሥራቸውም አንዱ ማስነበብ ነበር። ከዚያም ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታወጀ። ትምህርቱ በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ በኋላ እስከ 15 ቋንቋዎች ደረሰ። ኢትዮጵያም ለዚሁ ሥራ በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የንባብ ማኅበር ሽልማት አገኘች።

ስለዚያ ዘመን ብዙ መራራ ነገር መናገር ይቻላል፤ ዘመቻው ራሱ ግዴታና ቅስቀሳ የተቀላቀለበት ነበር። ይሁንና አንድ ነገር አይካድም። በቀበሌውና በገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ፣ በዛፍ ጥላ ሥር፣ ማታም በፋኖስ፣ የአሥራ ስድስትና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጆች ጺማቸው የሸበተ አባቶችን «ሀ በሉ» ሲሉ ውለዋል። ልጅ አስተማሪ፣ ወላጅ ተማሪ የሆነበት ጊዜ ነበር። ያኔ የ25 ዓመት ሰው የነበረው ዛሬ ሰባ ዓመት አልፎታል። እንግዲህ ዛሬ ኮምፒዩተር ልናስተምራቸው የምንፈልጋቸው አዛውንት ብዙዎቹ ከታናናሾቻቸው መማርን አንድ ጊዜ ያለፉበት ሰዎች ናቸው። አዲስ ውርደት አይሆንባቸውም፤ አዲስ ዙር ነው እንጂ።

ከዘመቻው ግን ሌላ ትምህርትም አለ። የምስክር ወረቀት ከተቀበሉት ሰዎች ብዙዎቹ ከጊዜ በኋላ ያወቁትን ፊደል ረስተውታል። ምክንያቱ የአእምሮ ድክመት አልነበረም። ፊደሉ በቤት ውስጥ የሚያነቡት ነገር ስላልተከተለው ነው። ጋዜጣ አልደረሳቸውም፣ መጽሐፍ አልነበራቸውም፣ ደብዳቤ የሚጽፍላቸውም አልነበረም። ሥራ ያላገኘ ዕውቀት ደግሞ እንዳልታረሰ ማሳ ጦሙን ያድራል። ይህች ነጥብ ወደ ኮምፒዩተሩ ስንደርስ ስለምትጠቅመን እንያዛት።

በአካባቢያችን ሊዘነጋ የማይገባው ሌላም ጉዳይ አለ። በዚያን ጊዜ የኦሮምኛው ትምህርት የተሰጠው በግእዝ ፊደል ነበር። ኦሮምኛ በይፋ በላቲን ፊደል፣ ማለትም በቁቤ መጻፍ የጀመረው በ1984 ዓ.ም. ነው። ከዚህም የተነሣ በአንድ ቤት ውስጥ አያት ኦሮምኛን በግእዝ ፊደል ተምረው፣ የልጅ ልጅ በቁቤ ተምሮ፣ ሁለቱ አንዱን ቋንቋ እየተናገሩ አንዱ የሌላውን ጽሑፍ የማያነብበት ሁኔታ ያጋጥማል። ኮምፒዩተር ወደዚያ ቤት ሲገባ የማንን ፊደል ይዞ ይግባ? መልሳችን የሁለቱንም የሚል ነው፤ ዛሬ መሣሪያው ለሁለቱም ይችላል። ነገር ግን እዚህ ለመድረስ ብዙ ዓመትና ብዙ ድካም ጠይቋል።

ፊደላችን ወደ መኪናው ሲገባ

የአውሮፓ የጽሕፈት መኪና የተሠራው ለሃያ ስድስት ፊደል ነው። የእኛ 33ቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹን፣ ቁጥሩንና ነጥቡን ሳንጨምር ማለት ነው። በአርባና በሃምሳ ቁልፍ ይህን ሁሉ ማስገባት ቀላል አልነበረም። ኢንጂነር አያና ብሩ ከኢጣሊያ ወረራ በፊት ይህን ችግር ለመፍታት ተነሥተው የአማርኛ የጽሕፈት መኪና በመሥራት ስማቸውን ተክለዋል። መፍትሔው ፊደሉን መክፈል ነበር። ጸሐፊዋ መጀመሪያ ግንዱን ትመታለች፤ ቀጥላ እግሩን ወይም ቀለበቱን ትጨምራለች። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዶሴ የሚያገላብጥ ሰው ያንን የተገጣጠመ ፊደል ያስታውሰዋል፤ አንዳንዱ እግሩ ከጉልበቱ ተለይቶ የቆመ ይመስል ነበር።

ኮምፒዩተር ሲመጣ ችግሩ በአዲስ መልክ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ ከእነርሱም መካከል አቶ ፍሥሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ፣ ፊደላችንን በኮምፒዩተር ለመጻፍ የሚያስችሉ ሥራዎችን አቀረቡ። በአገር ቤትም በውጭም ሌሎች ብዙዎች ተከተሉ። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ሰው የራሱን አሠራር በመከተሉ ሌላ ጣጣ መጣ። በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። የሠርግ ጥሪ ጽፎ በፍላሽ ወደ ማተሚያ ቤት የወሰደ ሰው ይህን መከራ በደንብ ያውቀዋል።

ይህ መቃለል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የዓለም ፊደላትን ሁሉ በአንድ መዝገብ የሚያስቀምጠው ዩኒኮድ የተባለው ሥርዓት በሦስተኛው እትሙ የኢትዮጵያን ፊደል 345 ምልክቶች አድርጎ መዘገበ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ፊደል በዓለም ሁሉ የታወቀ የራሱ ቁጥር ኖረው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የወጣው ዊንዶውስ ቪስታ «ኒያላ» የተባለውን የግእዝ ፊደል ይዞ መጣ። ሰው ፕሮግራም ሳይለምንና ሳይገዛ አማርኛ ማንበብ ቻለ። በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ደግሞ ጉግል በድምፅ የተነገረን አማርኛ ወደ ጽሑፍ መለወጥ ጀመረ። ይህ የመጨረሻው ለወላጆቻችን ትልቅ ነገር ነው። ጣታቸው ለሚንቀጠቀጥ፣ ፊደሉንም ግማሹን ለረሱ እናት፣ ተናግረው ማጻፍ መቻላቸው የተዘጋ በር እንደመከፈት ነው።

እንግዲህ ልብ እንበል። ከአርባ ዓመት በፊት ለአባትህ ኮምፒዩተር ብትገዛለት ኖሮ፣ ገንዘብ ቢኖርህም እንኳ የምትሰጠው በአባትህ ፊደል የማይናገር ሣጥን ነበር።

ርካሹ ኮምፒዩተር

ስለ ዋጋውም ታሪኩ የሚያስተምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በአሜሪካ አልቴር 8800 የተባለው መሣሪያ ገዢው ራሱ እንዲገጣጥመው በ397 ዶላር ቀረበ። ማሳያም ቁልፍ ሰሌዳም አልነበረው፤ ለወላጅ የሚሰጥ ዕቃ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1980 በእንግሊዝ አገር የሲንክሌር ኩባንያ ዜድ ኤክስ 80 የተባለውን ከ100 ፓውንድ በአምስት ሳንቲም ባነሰ ዋጋ ሸጠ፤ ከቤት ቴሌቪዥን ጋር ይያያዝ ነበር። በዓመቱ የወጣው የአይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒዩተር ግን መነሻ ዋጋው 1,565 ዶላር ነበር።

ለወላጆች በማሰብ በኩል ሁሉንም የቀደሙት ፈረንሳዮች ናቸው ብንል አልተሳሳትንም። የፈረንሳይ ቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤት ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሚኒቴል የተባለች ትንሽ መሣሪያ በስልክ ማውጫ መጽሐፍ ፋንታ ለባለ ስልኩ ቤት ያለ ክፍያ አደለ። ሰው የስልክ ቁጥር ይፈልግባታል፣ የባቡር ቲኬት ይቆርጥባታል። ቁጥሯ ወደ 9 ሚሊዮን እስኪጠጋ ድረስ ተዳረሰች፤ አገልግሎቷ የተዘጋው ሰኔ 30 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. ነው። ገበሬውና ጡረተኛው የወደዷት ለምንድን ነው? አንድ ነገር ለመሥራት የተዘጋጀች፣ በቋንቋቸው የምትናገር፣ ተከፍታ የምትጠብቃቸው በመሆኗ ነው።

በእኛም አገር ሙከራ ተደርጓል። «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት ባለ 100 ዶላር ኮምፒዩተር እሠራለሁ ብሎ ቢነሣም በ2007 እ.ኤ.አ. ሲመረት ዋጋው 188 ዶላር ደረሰ። ከእነዚህም ጥቂት ሺህ የሚሆኑት ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ለተማሪዎች ታደሉ። ይኸው ድርጅት በኋላ በወንጪና ከአዳማ ወዲያ ባለችው በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች፣ ማንበብ ለማያውቁ ሕፃናት፣ በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ታብሌት ያለ አስተማሪ ሰጣቸው። ልጆቹ ማሸጊያውን ቀደው፣ ማብሪያውን ፈልገው አበሩት፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላም የእንግሊዝኛውን ፊደል በዜማ ይሉት ነበር ተብሎ በ2012 እ.ኤ.አ. ተነገረ።

ይህን ሰምተው «እንግዲያው ለእናቴም እንዲሁ ሣጥኑን ብሰጣት ራሷ ትለምደዋለች» የሚሉ አሉ። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ሕፃን ቢሳሳት የሚያፍርበት የለም፤ ቢሰብርም ይሰብራል። እናት ግን ልጇ በሰው አገር ለፍቶ የገዛላትን ዕቃ እንዳታበላሽ ትፈራለች። ስለዚህ አትነካውም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ከቴሌቪዥኑ ጎን ዳንቴል ለብሶ ይቀመጣል። የዳንቴሉ ነገር እኮ የንቀት አይደለም፤ የማክበር ነው። ቢሆንም ዳንቴል የለበሰ ኮምፒዩተር ከመሠረተ ትምህርቱ የምስክር ወረቀት አይሻልም። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል።

ገዝቶ ማዘጋጀት

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። በመጀመሪያ ወላጅን መጠየቅ ነው። «ምን ማየት ትፈልጊያለሽ?» ይባል። አንዷ እናት ካናዳ ያለውን የልጅ ልጅ ፊት ማየት ትፈልጋለች። አንዱ አባት የቅዳሴ ዜማ ወይም የቁርኣን ንባብ መስማት ይሻሉ። ሌላው ጋዜጣ በትልቅ ፊደል ማንበብ ይፈልጋሉ። ይህ ሳይታወቅ የሚገዛ ኮምፒዩተር የልጁ እንጂ የወላጁ አይሆንም። ፍላጎታቸው ጥሪ መቀበልና ፎቶግራፍ ማየት ብቻ ከሆነ ሰፋ ያለ ታብሌት ወይም ስልክ ሊበቃ ይችላል፤ ማንበብና መጻፍ ከተጨመረበት ግን ትልቅ ማሳያ ያለው ኮምፒዩተር ለዓይንም ለእጅም ይመቻል።

ሁለተኛው ግዢው ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ለዚህ ሥራ ይበቃል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማችን ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ የሚመረጠው ባትሪ ስላለው ነው። ከመግዛት በፊት ቢያንስ አንድ ሰዓት አብርቶ ማቆየት፣ ባትሪው ምን ያህል እንደሚቆይ ማየት፣ ካሜራውንና ድምፁን መሞከር፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ መጫን ይገባል። ሃርድ ዲስኩ አሮጌው የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ በኤስ.ኤስ.ዲ. ቢለወጥ ዘገምተኛው ማሽን ወጣት ይሆናል። ሜሞሪው 8 ጊጋባይት ቢሆን መልካም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛው የጥበቃ እድሳቱ ተቋርጧል፤ የተፈቀደው ማራዘሚያም ጊዜያዊ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ አሮጌ ማሽን አይቀበልም፤ ኢንቴል ከሆነ በጠቅላላው ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ይፈልጋል። ሻጩ «አዲስ ነው፣ ምንም አይልም» ቢል ትውልዱን እንዲያሳይ መጠየቅ ነው። ማሽኑ ከዚያ በታች ከሆነ ሳይገዙ መተው፣ ወይም እንደ ሊኑክስ ሚንት ያለውን በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም የሚጭን ሰው መፈለግ ይቻላል።

ሦስተኛው ዝግጅቱ ነው፤ እሱም ወላጅ ሳያዩ በፊት ይጠናቀቅ። ፊደሉ ይተልቅ፤ የማውሱ ቀስት ይወፍር፤ ሁለቴ መጫን የሚጠይቀው ወደ አንዴ ይለወጥ። ከፊት ለፊት አራት ሥዕል ብቻ ይቀመጥ፤ ሌላው ሁሉ ይነሣ። የአማርኛውም የቁቤውም አጻጻፍ ይግባ። የሚደወልላቸው ሰዎች ስም ከነፎቶግራፋቸው ይሰለፍ። ወላጅ በስሕተት ፕሮግራም እንዳይጭኑና እንዳያጠፉ የተራ ተጠቃሚ መግቢያ ይከፈትላቸው። ከመብራት መዋዠቅ የሚጠብቅ ስታብላይዘር ይጨመር። ኢንተርኔቱ ከስልክ የሚወሰድ ከሆነ በራሱ የሚወርደው እድሳት ጥቅሉን እንዳይጨርሰው ይስተካከል፤ በምስል መነጋገርም ከድምፅ ይልቅ ጥቅል እንደሚበላ አስቀድሞ ይነገራቸው።

አራተኛውና ዋናው ማስተማሩ ነው። በቀን ሃያ ደቂቃ፣ በቀን አንድ ነገር ይበቃል። ማውሱን የሚይዘው የወላጅ እጅ እንጂ የልጅ እጅ አይሁን። ልጅ ተቻኩሎ «አምጪው ልሥራልሽ» ባለ ቁጥር አንድ ትምህርት ይጠፋል። ወላጅ በገዛ እጃቸው ጽሑፍ፣ በገዛ ቃላቸው፣ በደብተር ይጻፉ፤ «አረንጓዴዋን ስጫን አልማዝ ትመጣለች» ብለው ቢጽፉ ከማንኛውም መጽሐፍ ይበልጥላቸዋል። በነጋታው የትላንቱን ይድገሙ። ከትምህርቱም በኋላ ሥራ ይሰጣቸው፤ የልጅ ልጅ በየሳምንቱ አንድ ደብዳቤ በትልቅ ፊደል ይላክላቸው፣ መልስም ይጠበቅባቸው። ፊደል ሥራ ሲያጣ እንደሚረሳ ከዘመቻው አይተናል።

አምስተኛው ጥንቃቄ ነው። የክፍያው ዓለም ተለውጧል። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የዲጂታል መታወቂያውም አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሆኖ ወጥቷል። ገንዘብም ስምም ወደ መስታወቱ በገቡበት ዘመን ሌባም አብሮ ገብቷል። ስለዚህ ወላጅ ሦስት ቃል ይያዙ፦ የምስጢር ቁጥር ለማንም አይነገርም፤ በስልክ የመጣ ማረጋገጫ ቁጥር ለጠያቂ አይሰጥም፤ «ሽልማት ደርሶዎታል» ያለ ሁሉ ልጅ ሳይጠየቅ አይታመንም። ልጅም በበኩሉ ድንበር አለው። ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ ብሎ የእናቱን መልእክት ማንበብ፣ የአባቱን ሒሳብ ማዘዝ አይገባውም። ቁልፍ የሠራ ሁሉ የቤቱ ጌታ አይደለም።

የእድሩ ድርሻ

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው አንድ ነገር ነው። ዋጋው እየረከሰ መጥቷል፤ ፊደሉም ከብዙ ድካም በኋላ ገብቷል። የቀረው አብሮ የሚቀመጥ ሰው ነው። በ1971 ዓ.ም. ወላጆቻችንን ያስነበባቸው መጽሐፉ ብቻ አልነበረም፤ አጠገባቸው ተቀምጦ «ይድገሙት እስቲ» ያለው ልጅ ነው። ዛሬ ያ ልጅ በብዙ ቤት የለም። አንዱ አረብ አገር ነው፣ አንዱ አሜሪካ ነው፣ አንዱ በፋብሪካው ፈረቃ ላይ ነው። ኮምፒዩተሩን መላክ ይችላል፤ ራሱን መላክ ግን አይችልም።

እድር ደግሞ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው ሥራ ይህንኑ ነው። ልጁ ሩቅ ለሆነ ሰው ልጅ ሆኖ መቆም! ሐዘን ሲመጣ ውሃ የሚቀዳው፣ እንግዳ የሚቀበለው፣ ሦስት ቀን አብሮ የሚያመሸው የሥጋ ዘመድ ብቻ አይደለም። ይህንኑ ልማድ ወደ ሕይወት ብንመልሰው ምን ይከብደናል? በበኩላችን ለጠቅላላ ጉባኤው ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ፈቃደኛ የሆኑ የአባላት ልጆች ስማቸውን ለእድሩ ጸሐፊ ያስመዝግቡ፤ እያንዳንዱ ለአንድ አረጋዊ ቤት በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሃያ ሃያ ደቂቃ ይመደብ። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ መግዛት ለማይችሉ አረጋውያን አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ በእድሩ ንብረት ክፍል ይኑር። ድንኳኑና ድስቱ በተራ እንደሚሰጥ ሁሉ እሱም በተራ ይሰጥ፤ በዝርዝሩም ላይ ከብርጭቆውና ከሳህኑ ቀጥሎ ይመዝገብ።

ሦስተኛ፣ ይህ ሁሉ እስኪሆን ድረስ ጡሩምባው አይቁም። መልእክቱ በስልክ ይተላለፍ፤ ጡሩምባውም ይነፋ። በስልክ መልእክት ብቻ የተጠራ አረጋዊ ቢቀር ቅጣቱ እንዳይመለከተው በደንቡ ላይ አንድ መስመር ይጨመር። ያን ጊዜ ኮምፒዩተር የተማሩት ስለ ወደዱት ይሆናል፤ ያልተማሩትም ከወገናቸው ቀብር አይለዩም።

በመካከላችን የሚገኙት አባቶችና እናቶች ዕድሜያቸውን እያስረዘመልን፣ ያስተማሩንን በማስተማር ወሮታቸውን እንድንመልስ ያብቃን።